የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ከጨረሳችሁ በኋላ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለምንኖር የአምስት መንገዶች ንጽጽር

መጽሐፉ አልቋል። ቫርያብል፣ ኢፍ፣ ሉፕ፣ ፋንክሽን፣ ሊስትና ዲክሽነሪ አውቃችኋል። የመልመጃዎቹን ኮድ ጽፋችሁ ሠርቶላችኋል። ባዶ ፋይል ስትከፍቱ ግን እጃችሁ ቀጥ ይላል። ምን ልጻፍ? ቀጥሎስ ምን ልማር?

ይህን ጥያቄ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶና ከጀሞ ልጆች ደጋግሜ እሰማለሁ። የሚሰጣቸው መልስ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ሁለተኛ መጽሐፍ ያዝ» ይላል። ሌላው «ኮርስ ውሰጂ» ይላል። «ጥያቄ እየፈታህ ተለማመድ» የሚልም አለ። «ሥልጠና ማዕከል ካልገባሽ የትም አትደርሺም» የሚልም አይጠፋም። እያንዳንዱ ምክር ለሆነ ሰው ልክ ነው። ችግሩ መካሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቦሌ ወይም ካዛንቺስ ሆነው ነው የሚመክሩት። መብራት የሚጠፋበት፣ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት፣ መሀል ከተማ ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚይዝ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

የትኛውንም መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁት።

አንደኛ፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል? ቢያንስ አንዴ አውርዶ ቤት ቁጭ ብሎ መቀጠል ይቻላል?

ሁለተኛ፣ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ክፍያው ብቻ አይደለም። ታክሲ፣ ዳታ፣ ምሳና መንገድ ላይ የሚያልቀው ሰዓት ሁሉ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ስትሳሳቱ የሚነግራችሁ ማነው? ሰው ሊሆን ይችላል። በራሱ የሚፈትሽ ፕሮግራምም ሊሆን ይችላል። ማንም ከሌለ ግን አንድ ስህተት ላይ ሳምንት ሙሉ ተቀርቅራችሁ ትቀራላችሁ።

አራተኛ፣ ከባዶ ፋይል ያስጽፋችኋል? ወይስ ግማሹን ሠርቶ ክፍት ቦታ ብቻ ያስሞላችኋል? ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው መመዘኛ ይሄ ነው። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ያነሰው እውቀት ብዙ አይደለም። ያነሰው ከምንም ተነስቶ መጻፍ ነው።

አምስተኛ፣ ሲያልቅ በእጃችሁ የሚቀር፣ ለሰው የሚታይ ነገር አለ?

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ፈተና

መጽሐፉን ዝጉት። አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ የዐሥር ሰው ስምና የከፈሉትን ብር ጻፉ። ከዚያ ፋይሉን አንብቦ ድምሩን የሚያወጣና ያልከፈሉትን ለይቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፉ። ስህተት ሲመጣ የስህተቱን መልእክት ማንበብ ይፈቀዳል። ከመጽሐፉ መገልበጥ ግን አይፈቀድም።

ከሠራችሁት፣ ከታች ያሉት መንገዶች ሁሉ ክፍት ናቸው። ፋይል ማንበቡ ላይ ብቻ ከተሰናከላችሁ፣ ያንን ምዕራፍ ደግማችሁ አንብቡና ተመለሱ። ሉፑ ላይ ከጠፋችሁ ደግሞ አዲስ ነገር አትጀምሩ። ሌላ መጽሐፍም አትግዙ። ያንኑ መጽሐፍ ከመሀሉ ጀምራችሁ፣ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ምሳሌ እየቀየራችሁ ሥሩት። ማፈር አያስፈልግም። ሁለተኛው ንባብ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

መንገድ 1፦ ሁለተኛ መጽሐፍ

ለእኛ ሰፈር ትልቅ ጥቅም አለው። መብራት ቢጠፋ በሻማም ይነበባል። ዳታ አይበላም። ደራሲዎቻቸው በነፃ የለቀቋቸው የፕሮግራሚንግ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ፋይሉን አውርዶ፣ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ በስፓይራል ማስጠረዝ ይቻላል። መሀል ከተማ መሄድ ካማራችሁም በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። መጽሐፍ አያርምም። ሌላ የጀማሪ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ሦስት አራተኛውን ታውቁታላችሁ። ማንበቡ ደስ ይላል፤ ወደፊት ግን አያስኬድም። ስለዚህ ሁለተኛ መጽሐፍ ከያዛችሁ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሠራ ይሁን። ወይም ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝምን፣ ማለትም መረጃ የሚደራጅበትንና ችግር ደረጃ በደረጃ የሚፈታበትን ዘዴ፣ የሚያስተምር ይሁን። ሽፋኑ ላይ «ለጀማሪዎች» የሚል ካለ ለሌላ ሰው ተዉለት።

መንገድ 2፦ የኢንተርኔት ነፃ ኮርስ

ምርጫው ብዙ ነው። ሦስቱን ላንሳ፤ ጠባያቸው ስለሚለያይ።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ ሲኤስ50፣ መሠረት ያስይዛል። ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም በሚሠሩበት ስክራች ይጀምራል፣ ሲ በሚባለው ቋንቋ ያልፋል፣ ከዚያ ፓይተን፣ የዳታቤዝ ቋንቋው ኤስኪውኤልና ዌብ ይመጣሉ። ሁሉንም መልመጃና የመጨረሻውን ፕሮጀክት ለጨረሰ ነፃ ሰርተፊኬትም አለው። የሲው ክፍል ይከብዳል። ግን ሜሞሪ ምን እንደሆነ የሚገባው ሰው ሆናችሁ ትወጣላችሁ። ትምህርቱ ረጃጅም ቪዲዮ ነው፤ መልመጃውም የሚሠራው ኢንተርኔት ላይ ባለ የሥራ ቦታ ነው። ቪዲዮውን አንድ ቦታ ሄዶ ማውረድ ይቻላል። መልመጃው ግን ኔትወርክ ይፈልጋል።

ፍሪኮድካምፕ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። አብዛኛው ትምህርቱ በጽሑፍ ስለሆነ ዳታ ይቆጥባል። ስህተታችሁን ወዲያው ይነግራችኋል። ደካማ ጎኑ በትንንሽ እርምጃ እጅ ይዞ መውሰዱ ነው። ብዙ ደረጃ አልፋችሁም ባዶ ፋይል ፊት ልትቆሙ ትችላላችሁ። ሰርተፊኬት ለማግኘት የሚጠይቃቸውን ፕሮጀክቶች አትዝለሉ። ትምህርቱ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

ዘ ኦዲን ፕሮጀክት ለዌብ ልማት ነው። ብዙ ያስነብባል፣ ብዙ ያሠራል። በመጀመሪያ ግን ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው) ወይም ለሊኑክስ የቀረበ አካባቢ እንድትጭኑ ይጠይቃል። አሮጌ ላፕቶፕ ላለው፣ ዳታውንም ቆጥሮ ለሚጠቀም፣ መነሻው ይከብዳል።

አገር ውስጥ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ አለ። በመንግሥትና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ትብብር የቀረበ ነፃ ሥልጠና ነው። የተግባር ፕሮጀክት ሳትጨምሩበት ግን ሰርተፊኬቱን ብቻ ይዛችሁ አትቁሙ።

አንድ ነገር ከልቤ ልንገራችሁ። ከኮርስ ወደ ኮርስ መዞር ጊዜ ይበላል። ከሦስት ኮርስ ግማሽ ግማሽ የወሰደ ሰው፣ አንዱን ከጨረሰ ሰው ኋላ ነው የሚገኘው።

መንገድ 3፦ የመልመጃ ጥያቄ መፍታት

እዚህ ለኛ ሰፈር የሚስማማው ኤክሰርሲዝም የተባለው የመልመጃ ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው። ከ70 በላይ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አለው። ጥያቄውን ከነመፈተሻው ወደ ኮምፒዩተራችሁ አውርዳችሁ ያለ ኔትወርክ ትፈቱታላችሁ። ኔትወርክ ሲመጣ ትልካላችሁ፤ ፈቃደኛ ባለሙያዎችም አይተው አስተያየት ይሰጣሉ። የዚህን ያህል መመዘኛዎቻችንን የሚያሟላ ድረ ገጽ አላውቅም።

ሊትኮድ ለሥራ ቃለ መጠይቅ መዘጋጃ ነው። መጽሐፉን በጨረሳችሁ ማግስት ከገባችሁበት ያስከፋችኋል። ዳታ ስትራክቸር ከተማራችሁ በኋላ ተመለሱበት። ሒሳብ የምትወዱ ፕሮጀክት ኦይለር የተባለውን የሒሳብ ጥያቄዎች ድረ ገጽ ሞክሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከ1000 በታች ያሉ የ3 ወይም የ5 ብዜቶችን ሁሉ ደምሩ ይላል። ጥያቄው ወረቀት ላይ ተገልብጦ ታክሲ ውስጥ ይታሰባል።

መንገድ 4፦ የራስ ትንሽ ፕሮጀክት

እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ይህን ነው። ስለዚህ እዚህ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ፕሮጀክት ሲባል ብዙዎች እንደ ፌስቡክ ያለ ነገር ያስባሉ፣ ያኔም ይፈራሉ። ትንሽ ነው መሆን ያለበት። በአካባቢያችሁ ያለ፣ በወረቀት የሚሠራ፣ ሕጉን የምታውቁት ነገር ምረጡ።

ለምሳሌ የእድር መዝገብ። ገንዘብ ያዡን ቀርባችሁ «ጋሼ፣ መዝገቡን እንዴት ነው የሚይዙት?» ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ሻይ ሰዓት ውስጥ የትኛውም መጽሐፍ የማይሰጣችሁን ጥያቄ ትሰበስባላችሁ። የሁለት ወር አንዴ የከፈለስ? ዘግይቶ የከፈለ ቅጣቱ እንዴት ይሰላል? ከመሀል የገባ አባልስ? ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ካሉ በምን ይለያሉ? እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ኢፍ፣ አንድ ፋንክሽን ወይም አንድ ዲክሽነሪ ይሆናል።

ሥራውን ከትንሽ ጀምሩ። መጀመሪያ ስሞቹ ፕሮግራሙ ውስጥ በሊስት ይቀመጡ። ቀጥሎ ወደ ሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም በኮማ ወደተለየ የሠንጠረዥ ጽሑፍ፣ አውጧቸው። ከዚያ ኤስኪውላይት ወደሚባለው፣ በአንድ ፋይል ወደሚቀመጥ ትንሽ ዳታቤዝ አዛውሩ። ፓይተን ሲኤስቪንም ኤስኪውላይትንም የሚያነብበት መሣሪያ አብሮት ስለሚመጣ ምንም ተጨማሪ ማውረድ የለም። ኔትወርክ በሌለበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁን ከቋንቋው ጋር አብሮ በመጣው ብቻ ለመሥራት ሞክሩ።

ከዚያ የስም ፍለጋ ጨምሩበት። እዚህ ጋ የእኛ ፊደል ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ መዝግቦ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ ፕሮግራሙ የለችም ይላል። ለእኛ አንድ ስም ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ፊደሎች ናቸው። መፍትሔው ከማወዳደር በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ሁሉ ወደ አንዱ የሚቀይር ፋንክሽን መጻፍ ነው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው። ዲክሽነሪ ምን እንደሚጠቅም ያን ቀን ቁልጭ ብሎ ይገባችኋል። የሠራችሁትንም የሰፈሩ ሰው ወዲያው ይጠቀምበታል።

ሌላው ጥሩ ፕሮጀክት የቀን መቁጠሪያ መቀየሪያ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ወጥመዱ ግን ብዙ። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ናት። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ 6 ትሆናለች። 2015 እንዲያ ነበር፤ 2019ም እንዲሁ ነው። በዚያ ምክንያት መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን 12 ይሆናል። ፕሮግራማችሁ ልክ መሆኑን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልግም። ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ይበቃል። መልሱን በራሳችሁ ማረጋገጥ የምትችሉበት ፕሮጀክት፣ አራሚ ለሌለው ሰው ግማሽ አስተማሪ ነው።

የዚህ መንገድ ድካሙ ብቻ መሆን ነው። አንድ ስህተት ላይ ስትቆሙ የሚያነሳችሁ ላይኖር ይችላል። ሦስት ነገር ይረዳል። የፓይተንን ሙሉ ሰነድ አንዴ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ በነፃ ይገኛል። ሥራችሁን በጊት፣ የኮድን ለውጥ ደረጃ በደረጃ በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ መዝግቡ። ጊት ራሱ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ጊትሃብ ወደሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ የምትጭኑት ግን ኢንተርኔት ሲኖር ነው። የሰው እውነተኛ ስምና ስልክ ግን በጭራሽ እዚያ አትጫኑ፤ የፈጠራ ስም ተኩበት። ሦስተኛው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካላችሁ «ይህ ስህተት ለምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ጻፍልኝ» አትበሉት። ከጻፈላችሁ የሚማረው እናንተ አይደላችሁም።

መንገድ 5፦ በአካል የሚሰጥ ሥልጠና

ጥሩ ማዕከል ካገኛችሁ የአራሚን ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚመልሰው እሱ ነው። ከጎን የሚቀመጥ ጓደኛም ይገኛል። ሰው ሲጠብቀው ብቻ ለሚሠራ ይህ ዋጋ አለው።

ግን ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት። በሳምንት 3 ቀን፣ ለ12 ሳምንት የሚሰጥ ሥልጠና 36 ደርሶ መልስ ነው። ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ ከሆነ 144 ጊዜ ታክሲ ትሳፈራላችሁ ማለት ነው። በሰፈራችሁ ታሪፍ አባዙትና ክፍያው ላይ ደምሩት። ደርሶ መልሱ 3 ሰዓት ከወሰደ ደግሞ 108 ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። በ108 ሰዓት የእድሩ መዝገብም የቀን መቀየሪያውም ያልቃሉ። ማታ የሚለቅ ክፍል ከሆነ፣ በተለይ ለሴቶች እህቶቻችን፣ የመመለሻ ታክሲ መኖሩን ከመመዝገብ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ለማየት ጠይቁ። ፈቃደኛ ካልሆኑ ተዉት። አንድ ኮምፒዩተር ለስንት ሰው እንደሆነ ቁጠሩ። ያለፉት ተማሪዎች የሠሩትን ፕሮጀክት አሳዩኝ በሉ። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። የአጭር ሥልጠና ሰርተፊኬት ከሲኦሲ የብቃት ማረጋገጫ ጋር አንድ እንዳልሆነም እወቁ።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተለየ ዕድል አለ። ኤቱኤስቪ (አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ) የተባለው ፕሮግራም በአልጎሪዝምና በዳታ ስትራክቸር ላይ ነፃና ጠንካራ ሥልጠና ይሰጣል፤ መግቢያው በውድድር ነው። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያላችሁ ደግሞ ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችሁ ነው። እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ካለ በሳምንት አንዴ ኮዳችሁን እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያያሉ።

በአንድ ዕይታ

| መንገድ | ያለ ኔትወርክ | ጠቅላላ ወጪ | የሚያርም | ከባዶ ፋይል | በእጅ የሚቀር |
|---|---|---|---|---|---|
| ሁለተኛ መጽሐፍ | ሙሉ በሙሉ | ዝቅተኛ | የለም | እንደ መጽሐፉ | እውቀት |
| ነፃ ኮርስ | በከፊል | ዳታ | በራሱ የሚፈትሽ ፕሮግራም | አልፎ አልፎ | ሰርተፊኬት፣ ፕሮጀክት |
| የመልመጃ ጥያቄ | ኤክሰርሲዝም ይሠራል | በጣም ዝቅተኛ | መፈተሻና ፈቃደኞች | በከፊል | የተፈቱ ጥያቄዎች |
| የራስ ፕሮጀክት | ሙሉ በሙሉ ይቻላል | በጣም ዝቅተኛ | ራስ፣ ጓደኛ | ሁልጊዜ | የሚሠራ ፕሮግራም |
| በአካል ሥልጠና | እንደ ማዕከሉ | ከፍተኛ፣ ታክሲ ይጨመራል | አስተማሪ | እንደ ማዕከሉ | ሰርተፊኬት፣ ጓደኛ |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ስልክ ብቻ ካላችሁ፦ ፓይድሮይድ 3 የተባለው አፕ አንድሮይድ ላይ ያለ ኔትወርክ ፓይተን ያስኬዳል። መጽሐፍና አጫጭር መልመጃ አጣምሩ። ረጅም ፕሮግራም በስልክ መጻፍ ያደክማል፤ የቀን መቀየሪያው ግን ይቻላል። ለላፕቶፕ እቁብ ከገባችሁ አሮጌም ይበቃል።

ላፕቶፕ አላችሁ፣ ለክፍያ ግን ገንዘብ የለም፦ የራስ ፕሮጀክት ዋናው ይሁን። ጠዋት ጠዋት አንድ የኤክሰርሲዝም ጥያቄ ጨምሩበት። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አንድ ነፃ ኮርስ ጀምሩ፤ ያኔ ምን እንደጎደላችሁ ስለምታውቁ ትምህርቱ ይያዛል።

ሥራ በቶሎ የምትፈልጉ፦ የዌብ መንገድ ያዙ። ፍሪኮድካምፕ ወይም ኦዲን፣ ከጎኑ ለሰፈራችሁ ሱቅ ወይም ፀጉር ቤት አንድ ትንሽ ድረ ገጽ። ቀጣሪ ፊት ስትቀርቡ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ሲሠራ የሚታየው ድረ ገጽ ይናገርላችኋል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁና ኢንተርኔት ግቢ ውስጥ ካለ፦ ሲኤስ50። ዕረፍት ላይ ቤት ስትመለሱ ቪዲዮውን አውርዳችሁ ኑ።

ብቻችሁን ስትሆኑ የምትተዉት ከሆነ፦ መጀመሪያ ሥልጠና ማዕከል አትክፈሉ። በብሎካችሁ አንድ የሚማር ሰው ፈልጉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ፣ አንዱ የሌላውን ኮድ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሁለት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ያኔ ማዕከሉን አስቡበት፤ ግን ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምረውን ምረጡ፣ የታክሲው ቁጥር ይቀንሳል።

ለልጃችሁ የምትመርጡ ወላጆች፦ ልጁ የጨረሰውን መጽሐፍ ይዞ ይምጣና የሠራውን አንድ ነገር ያሳያችሁ። ካሳያችሁ ቀጣዩ ወጪ ላፕቶፑና ዳታው ላይ ይሁን፤ የሥልጠና ክፍያው ይቆይ። የሚያሳየው ከሌለ ቤት ውስጥ የሚያስፈልግ አንድ ሥራ ስጡት፤ የወር ወጪያችሁን የሚመዘግብ ፕሮግራም ይጻፍላችሁ።

የቋንቋ ጥያቄም አለ። «ፓይተን ጨርሻለሁ፣ ወደ ጃቫስክሪፕት ልለፍ?» ዌብ ካልሆነ ግባችሁ፣ አሁን አትለፉ። አንድ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው በያዛችሁት ቋንቋ ሥሩ፣ ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ይበላሽባችሁ፣ አስተካክሉት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ቋንቋ በጣም ይፈጥናል።